ዳር የተቀመጡት እማማ

ወንድምዓለም፣ ያዋስከኝ ሰፊ ቦታ የሚያስገባው ዋይድ ሌንስ ትናንት ጉድ ሠራኝ! ቤት ያከራየኝ አናጢ፣ ቤተሰቡን በሙሉ ሳሎን ውስጥ እንዳነሳለት ለመነኝ። ጀርባዬ ግድግዳ ነክቶ እንኳ አሥራ አንዱ ሰው አልገባልኝም፤ ያንተን ሌንስ ገጠምኩ። እኛ ስቱዲዮ ሌንሱ ዳር ያለውን ሰው ለጥጦ እንዳያሰፋው ዳር ዳሩን የምታቆመው የአበባ ማስቀመጫ ነው፤ እኔ ግን ረስቼ የአናጢውን እናት ዳር አስቀመጥኳቸው። ሕመም ያከሳቸው እማማ ፎቶው ላይ ጉንጫቸው ሞልቶ፣ ትከሻቸው ሰፍቶ ቁጭ! አፍሬ «ልድገመው» ስላቸው፣ ካሜራዬን ይዘው ብዙ አዩና «እንዳትነካው አደራ! ውጭ ላለችው ልጄ የምልከው ይሄንን ነው፤ እናቴ አገግማለች ትበል» አሉኝ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ እናቴ ስለ እኔ ከጠየቀችህም፣ ወፍሯል በላት።