መኪናው ውስጥ ሦስት ነበርን

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት
ሱብሒ ሰግጄ ቁርአኔን ከነትርጉሙ ገለጥኩ። ዓይኔ ፊደሉ ላይ ይሄዳል፤ ልቤ የለም። ትናንት እሪ በከንቱ ቁልቁለት ላይ የገጨናት ሴትዮ አልነቃችም። የነዳው ወንድሜ ሰይድ ነው፤ በስልክ እያወራ። ሾፌራችን ጋሽ ግርማ ጎኑ ተቀምጠው ነበር፣ እኔ ከኋላ። ሰይድ ለፖሊስ የነዱት እሳቸው ናቸው አለ። ወሰዷቸው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። እስካሁን።

ማክሰኞ። ከሰዓት
ሰይድ ከወርቅ ቤቱ በጊዜ መጣ። ብርቱካን ይዞልኝ። ይዞልኝ አያውቅም። የእማዬን የግፊት መድኃኒት ራሱ አቀበላት። ከዚያ ደረጃው ላይ ያዘኝ። ድምፁ ለስላሳ።
«ሐዩ፣ እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር። አላየሽም። አይደል?»
ብርቱካኑን በእጄ አገላበጥኩ። መልሱን እንዳገኘ ሁሉ ጉንጬን ዳበስ አድርጎኝ ወረደ።

ረቡዕ። ጠዋት
ንባቤ ዛሬ እዚያ ደረሰ። በራሳችሁም፣ በወላጅም፣ በዘመድም ላይ ቢሆን በእውነት መስክሩ የሚለው ጋ። ደስ አለኝ። አትታዘበኝ ማስታወሻዬ። ይኸው ለሰይድ የመጣ ነው አልኩ። ደግሜ ሳነበው ግን መጀመሪያ የተጠራው ዘመድ አይደለም። እኔ ነኝ። ዝም ያልኩት ለእማዬ ብዬ ነው? ውሸት። ይህችን የምተኛባትን ክፍል ፈልጌ ነው። የሰይድን እንጀራ።
ከጎናችን የሚያፈርሱት ቤት አቧራ በመስኮት ይገባል። አልዘጋሁትም።

ሐሙስ። ከሰዓት
የጋሽ ግርማ ባለቤት እትዬ አልማዝ በር ላይ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።
«ሴትዮዋ ትናንት አረፈች። ለቅሶ ልደርስ ሄጄ የገዳይ ሚስት ብለው መለሱኝ።»
ይግቡ አልኳቸው። አልገቡም።
«ጠዋት ጠዋት ቁርአን እንደምትቀሪ ግርማ ያወራልኝ ነበር። ለዚህ ነው አንቺ ጋ የመጣሁት።»
ሄዱ። ዞር ስል እማዬ ከኋላዬ ቆማለች። ሰይድ ከታሰረ እኔ በሕይወት አልቆይም አለች። ሳታለቅስ። ቀጠሮ እንደምትነግረኝ ሁሉ።

አርብ። ጠዋት
ሰይድን እየጠላሁ ብመሰክር በቀል ነው። ጥላቻዬን ፈለግሁት። አለ፤ ትልቅ ነው። እያለቀስኩ ዱዓ አደረግሁለት። ከጀርባው መሄድ አልፈለግሁም፤ ቁርስ ላይ ነገርኩት። አንተ ራስህ ተናገር፣ አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት።
ሳቀ። ሻዩን ጨረሰ። ክፍሌ ድረስ በክንዴ ይዞ ወሰደኝ። ከውጭ ቆለፈ።

አርብ። ከጁምዓ በፊት
እማዬ በሩ ማዶ ናት። ትንፋሿ ይሰማኛል። እማ ክፈቺልኝ አልኳት። ግንባሯን በሩ ላይ ስታሳርፍ ተሰማኝ። ቁልፉ ዞረ። ፊቴን አላየችም።
«ሂጂ፣ ሳይመለስ።»
ሻርፔን አስሬያለሁ። ፖ/ጣቢያው ሩቅ አይደለም። የታችኛው በር ተከፈተ። የእንጨቱ ደረጃ እየጮኸ ነው። አረማመዱን አውቀዋለሁ። እማዬ እጄን ያዘች፤ ለቀቀችው።
ይምጣ። በፊቱ አልፌ እወጣለሁ።