ቢጫው ወረቀት

ረቡዕ፣ ጁን 4፣ 1997

ደብል ሺፍት ሠርቼ ገባሁ፤ እግሬ አብጧል። ለእማዬ ደብረ ብርሃን ደወልኩ። ወንድሜ ክንፉ አሁንም ለሥራ መስክ እንደወጣ ነው ይሏታል። አምስተኛ ሳምንቱ! የማያልቅ መስክ ምን ዓይነት ነው? አብራኝ የምትኖረውን የአክስቴን ልጅ ጥሩዬን ጠየቅኳት። «ዎሪ አታድርጊ ባክሽ» ብላ ቲቪው ላይ አፈጠጠች።

እሁድ፣ ጁን 8

ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ድረስ ነዳን። ቬትናማዊቷ የሥራ ጓደኛዬ ላን ናት የጋበዘችኝ። እናቷ ከሞተች አርባ ዘጠነኛ ቀን፣ በቡድሃ ቤተ መቅደስ። እኛ በአርባ፣ እነሱ በአርባ ዘጠኝ... ዘጠኝ መርቀዋል። ጫማ አውልቀን ገባን። ይሄስ አገሬ ነው፣ አልኩ በልቤ።

በሩ ጋ ቀይና ቢጫ ወረቀት ተቆልሏል። ሰው ስም እየጻፈ ይሰጣል። ለቄስ ስም እንደመስጠት መሰለኝ። በሰላም ይመለስ ብዬ ቢጫው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ክንፉ» ብዬ ጻፍኩ።

መነኩሴው እንጨት እየመታ ስሞቹን አነበበ። አንዱም አልገባኝም። ከዚያ «ክንፉ» አለ። ጥርት አድርጎ! እማዬ ለምሳ ስትጠራው እንደምትለው። ሰው ሁሉ ጎንበስ አለ።

መኪና ውስጥ ላን እጄን ያዘች። ወንድምሽ መቼ ነው የሞተው? አለችኝ። ኧረ አልሞተም! ፊቷ ተለዋወጠ። ቀዩ በሕይወት ላለ፣ ቢጫው ለሟች ኖሯል። እንመለስና ይስጡኝ አልኳት። ስሙ ከተነበበ በኋላ ይቃጠላል፤ ተቃጥሏል አለችኝ።

ሰኞ፣ ጁን 9

ለጥሩዬ እንደ ቀልድ ነገርኳት። አልሳቀችም። ባኞ ቤት ገብታ ውሃ ከፈተች። ግማሽ ሰዓት። ከውሃው ሥር ሌላ ድምፅ አለ... ላንኳኳ ብዬ ፈራሁ። ምን ዓይነት ሟርተኛ ነኝ? በገዛ እጄ?

ቅዳሜ፣ ጁን 14

ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። የቤተሰባችን ወዳጅ ጋሽ ብርሃነ መስቀል በክራቫት። ባለቤታቸው እትዬ ትርፌ ጥቁር ለብሰው፣ ከካስትሮ ቫሊ ድረስ። በዚህ ሰዓት ለደግ አይመጣም።

«ቁጭ በይ ልጄ።»

«አልቀመጥም! ክንፉ ነው?»

እትዬ ትርፌ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

መኪና ተገልብጦ። ሚያዝያ 22። አርባውም ባለፈው እሁድ ወጥቷል። እሁድ! እኔ ሳን ሆዜ ተንበርክኬ... ጥሩዬ ሁሉንም ታውቅ ነበር። ጮህኩባት። ከዚያ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ።

«እማዬስ?» አልኩ።

«እናትሽ ገና አልሰሙም» አሉ ጋሽ ብርሃነ መስቀል። «ልባቸው አይችልም ብሏል ሐኪሙ። አርባውም ከእሳቸው ተደብቆ ነው የወጣው። አንቺም ጠንከር በይ።»

እሁድ፣ ጁን 15

ለእማዬ ደወልኩ። ድምፄ ተዘግቷል፤ ጉንፋን ነው አልኳት።

«ይሄ ልጅ አንቺ ጋ እንኳ አይደውልም?»

«ደውሏል እማዬ። ትናንት። ደህና ነኝ በያት አለኝ።»

«ተመስገን» አለች። ስትስቅ ሰማኋት።