ከኮረብታው ላይ ሆነው የሚጣሩት የወይዘሮ ነዚሃ ቃሲም የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ነዚሃ ቃሲም ከአባታቸው ከሼኽ ቃሲም ሐምዳንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘህራ እ.ኤ.አ. በ1943 በጎላን፣ በሔርሞን ተራራ ግርጌ በምትገኘው መንደራችን በዓይን ቱት ተወለዱ። የተወለዱበት ሳምንት በረዶ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር መዝገብ ላይ የሰፈሩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ዕድሜያቸውን ሙሉ የልደት ቀን ስጦታ በዓመት ሁለት ጊዜ ሲቀበሉ ኖረዋል፤ አንዱንም መልሰው አያውቁም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በቁነይጥራ ከተማ ተከታትለው በ1962 በመንደሩ ትምህርት ቤት መምህርት ሆኑ። በ1965 ከፖም ገበሬው ከአቶ ፋሪስ ጋር ትዳር መሥርተው ጋሌብን፣ ኒዳልንና ሱሃን አፍርተዋል። ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ወዳድ በ1967 የጸደይ ወራት ወደ ደማስቆ አቅጣጫ፣ በመኪና አርባ ደቂቃ ወደሚያስኬድ መንደር ተዳሩ። እህትማማቾቹ ሲሰነባበቱ አላለቀሱም፤ በሰኔ መጀመሪያ ሊገናኙ ተቀጣጥረው ነበርና።

በሰኔ ጦርነት መጣ። በስድስት ቀን ውስጥ መንደራችን በእስራኤል ጦር እጅ ገባ፤ ወይዘሮ ወዳድ በሶሪያ በኩል ቀሩ። በመካከል ሽቦ ተዘረጋ፣ ፈንጂ ተቀበረ። ከዚያም ስማችንን የማያውቁ ሰዎች በሩቅ ከተሞች ተሰብስበው ካርታ ላይ መስመር አሰመሩ። አክስቴ ወይዘሮ ነዚሃ ይሉ እንደነበረው የእርሳሱ ውፍረት ብቻውን የፖም ማሳችንን እኩሌታ ዋጠው።

ከሽቦው ወዲህና ወዲያ ሁለት ኮረብታዎች ይተያያሉ። ዓርብ ዓርብ የተለያየው ቤተሰብ እዚያ እየወጣ በእጅ ድምፅ ማጉያ ይጠያየቅ ነበር። የወይዘሮ ነዚሃ ድምፅ ከሁሉም ይልቅ ይደርስ ስለነበር የመንደሩ መልእክት ሁሉ በእሳቸው አፍ ያልፍ ጀመር። ማን እንደወለደ፣ ማን እንደታጨ፣ ማን ከአማቱ ጋር እንደተኳረፈ ሁለት አገርና ሁለት ጦር በአንድ ላይ ይሰማል።

በ1975 መኸር፣ አንድ ዓርብ፣ «ወዳድ፣ ፋሪስ ሞተር ገዛ» ብለው ተጣሩ። ለማሳው ውኃ መሳቢያ ነው። ነፋሱ ግን ቃሉን ከመሐል ቆረጠውና ማዶ የደረሰው «ፋሪስ ሞተ» የሚለው ብቻ ሆነ። ማዶ ያሉት ዋይታውን አቀለጡት። ወዲህ ያሉትም ዋይታውን ሲሰሙ ከማዶ ሰው ሞቷል ብለው አብረው አለቀሱ። አቶ ፋሪስ ማን እንደሞተ ሳያውቁ ለገዛ ሞታቸው ከልባቸው አነቡ። በሳምንቱ ማጉያውን ራሳቸው ይዘው ወጡ።

«ወዳድ፣ እኔ ነኝ። አልሞትኩም።»

«ታዲያ ማነው የሞተው?»

«ማንም። ሞተር ነው የገዛሁት።»

«ሳምንቱን ሙሉ ጥቁር አስለብሰኸኝ? አንተን ብሎ ሟች!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ነዚሃ ደንብ አወጡ። የሰማ ሰው የሰማውን መልሶ ሳይናገር መልስ አይሰጥም፤ መልስም አይሰጠውም።

በ1982 የእስራኤልን መታወቂያ ውሰዱ ሲባል መንደሩ እምቢ ብሎ ለወራት ሥራ አቆመ። ወይዘሮ ነዚሃም መታወቂያውን ባለመቀበላቸው ከመምህርነት ተሰናበቱ። የጉዞ ወረቀታቸው ላይ ዜግነት በሚለው ቦታ «አልተወሰነም» ተብሎ ተጻፈ። «ሲወስኑ ይንገሩኝ፤ እስከዚያው ፖም እለቅማለሁ» ብለው ወደ ማሳቸው ወረዱ።

ከ1988 ጀምሮ ወረራው እንዲያበቃ ከሚጠይቁ፣ በእስራኤል ካሉት ከሃይፋና ከናዝሬት ከተሞች ከመጡ ሴቶች ጋር ሠሩ። ስብሰባው እሳቸው ሳሎን፣ ማቴ የሚባለው የቅጠል ሻይ እየተጠጣ ነበር የሚካሄደው፤ እዚያም ደንባቸው ይሠራል። አንድ ጊዜ የሩቅ አገር ዲፕሎማት መጥተው ምን እንደሚፈልጉ ጠየቋቸው። ወይዘሮ ነዚሃ ተናገሩና የሰሙትን እንዲደግሙላቸው ጠየቁ። ዲፕሎማቱ «እርስዎ የአካባቢውን መረጋጋት ይፈልጋሉ» አሉ።

«አላልኩም። ይድገሙት።»

«ሁሉን ያካተተ ውይይት ይፈልጋሉ።»

«ልጄ፣ እኔ ያልኩት እህቴን ማየት እፈልጋለሁ ነው።»

በሦስተኛው አገኙት። ማስታወሻቸው ላይም ጻፉት፤ ማስታወሻው የት እንደገባ እስከ ዛሬ አናውቅም።

ዮርዳኖስና እስራኤል ከታረቁ በኋላ፣ በ1996፣ ሁለቱ እህትማማቾች ፈቃድ አግኝተው በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን፣ በአንድ ሆቴል ተገናኙ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተጯጩኸው ስለኖሩ፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀምጠውም መጮኻቸውን አልተዉም። የሆቴሉ ባለቤት በሩን አንኳኩተው፣ «እናቶቼ፣ በፈጠራችሁ፣ ዛሬስ ታረቁ» አሏቸው። በዝግታ መነጋገር የለመዱት በሦስተኛው ቀን ነው። በአራተኛው ቀን ተለያዩ። ከዚያ በኋላ ደጋግመው ቢጠይቁም ፈቃድ አልተገኘም፤ ቀጥሎም የሶሪያ ጦርነት መጣ። ስልክ ከገባ በኋላ በየቀኑ ይደዋወሉ ነበር፤ ያም ሆኖ አክስቴ ዓርብ ዓርብ ኮረብታውን መውጣት አልተዉም። አቶ ፋሪስ በ2011፣ በዚህኛው ጊዜ በእውነት፣ አረፉ።

ወይዘሮ ነዚሃ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መስከረም 14 ቀን 2019 ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው በቤታቸው ዐርፈዋል። ሦስት ልጆች፣ ሰባት የልጅ ልጆችና አንዲት እህት ትተዋል። ናፍቆታቸው ከአሁኑ ከብዶናል።

የድሩዝ እምነታችን እንደሚያስተምረን ነፍስ ሜዳ ላይ አታድርም፤ ወዲያው በሚወለድ ሕፃን ውስጥ ትገባለች። ትናንት ጠዋት ከሽቦው ወዲህም ሆነ ወዲያ ጎረቤት የቀሰቀሰች ሴት ልጅ የተወለደችላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ በደንብ አጥቧት። ፈጣሪ ይህችን ነፍስ ዘመድ ወደ ዘመዱ በእግሩ ሄዶ በሚደርስበት ዘመን ያኑርልን።

ወይዘሮ ወዳድ ለቀብሩ እንዲሻገሩ ፈቃድ ጠይቀናል፤ ይህ ጽሑፍ እስከታተመበት ሰዓት መልስ አልመጣም። ስለዚህ ከማለዳው ጀምሮ ማዶ ኮረብታው ላይ ቆመዋል። ሬሳው በዋናው መንገድ አይሄድም፤ በኮረብታው በኩል ወጥቶ እዚያ ያርፋል። በእኛ በኩል ማጉያ ማንም እንዳይዝ አደራ እንላለን። እህታቸው ተናግረው እስኪጨርሱ ድረስ ሁላችንም ዝም እንላለን፤ ከዚያ በፊት ሬሳው አይነሳም።

የወንድማቸው ልጅ ሪም ቃሲም