በቀይ ብርሃን ቁስል አይታይም

ካኖራ፣ ሳስካችዋን
ኤፕሪል 30 ቀን 2019

እህት ዓለም፣ የኔዋ ሌሲያ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? በጎችሽና የልጅ ልጆችሽ ደህና ናቸው? እዚህ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሆኗል፤ ዝይዎቹ ተመልሰው ኩሬው ላይ ሲንጫጩ ያረፍዳሉ። ባለፈው እሁድ ከኒውዚላንድ ስትደውዪ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብዬ ቶሎ የዘጋሁብሽ ጠልቼሽ አይደለም። ስልክ ላይ አፌ ይተሳሰራል፤ መጻፍ ይሻለኛል።

ጡቴን በመከር ካስቆረጥኩ በኋላ ቁስሉ በደንብ ገጥሞ ነበር። ጠባሳው ግን ደነደነ። ከብብቴ እስከ ደረቴ መሀል እንደ ደረቀ ጠፍር ሰቅዞ ያዘኝና ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አልወጣ አለ። ጸጉሬን ማበጠር እንኳ አቃተኝ። የባሰው ግን ሌላ ነው። ልብሴን የምቀይረው መብራት አጥፍቼ ሆነ። ኦረስትን ታውቂው የለ? አርባ ዓመት አብረን የተኛንበትን ክፍል እያንኳኳ መግባት ጀመረ። እኔ «ቆይ» እለዋለሁ፤ እሱም በር ላይ ይቆማል። ገናን ያሳለፍነው እንዲህ ሆነን ነው።

ዮርክተን ከተማ የምታሸኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለች፤ ማርሊ ትባላለች፣ ሳቂታ ልጅ ናት። አንድ ቀን «ጠባሳው ላይ ቀይ ብርሃን ማብራት እንሞክር ይሆን?» አለችኝ።

«ምን ያደርግልኛል?»

«አንዳንዱን ሰው ጠባሳውን ያለሰልስለታል፣ አንዳንዱን ምንም አይጠቅመውም። ተአምር አልሸጥልዎትም። ደግሞ መጀመሪያ የካንሰር ሐኪምዎ ይፍቀዱ።»

ሐኪሙ ፈቀዱ። እኔ ግን ፈራሁ። «አይጠብሰኝም?» አልኳት።

«እርስዎ ዶሮ ነዎት እንዴ?» አለችና ሳቀችብኝ።

ጃንዋሪ ላይ መንገዱ በበረዶ እየተዘጋ ዮርክተን መመላለስ ሲያቅተኝ ኦረስት ምንም ሳይነግረኝ መብራቱን ገዝቶ መጣ። የመጋገሪያ ትሪ ያክላል። ወጥ ቤት ከምድጃው አጠገብ ሰቀለልኝና «እኔ ጎተራው ጋ ነኝ» ብሎ ወጣ። ሳበራው ወጥ ቤቱ በሙሉ ቀላ። ወዲያው ስልክ ጮኸ፤ ጎረቤታችን ኔስተር ነው።

«ኦልያ፣ ቤታችሁ እየተቃጠለ ነው ወይስ በዚህ ብርድ ጫጩት ልታሳድጉ ነው?»

«ራሴን እያሳደግኩ ነው» አልኩት።

ሌሲያ፣ ታስታውሻለሽ? ማማ በየማርቹ በባቡር የሚመጡትን ጫጩቶች ከነካርቶናቸው ወጥ ቤት አስገብታ፣ ቀዩን አምፖል ከላያቸው ታንጠለጥል ነበር። እኔና አንቺ ብርድ ልብሳችንን እየጎተትን ጠረጴዛው ሥር እንተኛለን። የጭዱ ሽታ፣ የጫጩቶቹ ጫጫታ፤ ከማማ ደግሞ እግሯ ብቻ ይታየናል፤ ከላይ ሊጥ ታቦካለች። «ለምንድነው ቀይ የሆነው?» ብለሽ ጠየቅሻት።

«በነጭ መብራት አንዷ ከቆሰለች ሌሎቹ ደሟን አይተው ይነቁሯታል። በቀይ ብርሃን ቁስል አይታይም» አለችሽ።

«እንግዲያው ሁልጊዜ ቀይ እናብራ፤ ኦልያ እንዳትቆነጥጠኝ!» ብለሽ አሳቅሻት።

ይህን እያሰብኩ ጎንበስ ብዬ ደረቴን አየሁ። የጠባሳው ቅላት ጠፍቷል፤ ሆዴም ክንዴም እሱም አንድ መልክ ናቸው። ከተቆረጥኩ ወዲህ ዓይኔን ሳልሰብር ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ኦረስት ማንኳኳቱን ረስቶ እንጨት ተሸክሞ ዘው አለ። አየኝና እንጨቱን እንደታቀፈ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ምንም አላየሁም» አለ።

«እንጨቱን አስቀምጥና ና።»

«የምርሽን ነው?»

«ማርሊ ጠባሳውን በቅባት እሺው ብላኛለች። ከብብቴ ሥር ያለው አይደርስልኝም፤ አንተ እሽልኝ።»

እጁን ታጠበ፤ እንደገና ታጠበ። መጥቶ ከፊቴ ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁት። ጠባሳውን ከዳር እስከ ዳር አየ።

«በቃ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«አንቺ ሴትዮ! በር ላይ ስታስቆሚኝ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አለቀስን፤ ምኑን ልንገርሽ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ሆኪ እየለፈለፈ በየማለዳው ያሸኛል።

ጠባሳው ለሰለሰ። መብራቱ ይሁን፣ ቅባቱ ይሁን፣ የኦረስት እጅ ይሁን ማርሊም አታውቅም። ለፋሲካ የማማን የዳቦ መጋገሪያ ቆርቆሮ ከላይኛው መደርደሪያ ራሴ አወረድኩት። ፓስካውን፣ የፋሲካ ዳቦአችንን፣ ጋግሬ ለአክስት ስቴፋ ወሰድኩላት። ዘጠና አልፏታል፤ ዓይኗ ቢደክምም ምላሷ አልደከመም። ክንዴን እያነሳሁ ሳሳያት፣ ዳቦውን እያኘከች «የእናትሽ ግን እንዲህ ሳይወጣ ቀረ» አለችኝ።

«የእናቴ ምኗ?»

«ክንዷ ነዋ። እሷንም በግራ በኩል ነው የቆረጧት።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። እኛ ልጆች ሳለን፣ በ1967 ማማ ዊኒፔግ የሄደችው አራስ ልትጠይቅ አልነበረም፣ ሌሲያ። ስትመለስ ስቴፋ ከነጭ ጨርቅ ትንሽ ከረጢት ሰፍታ፣ ስንዴ ሞልታ ሰጠቻት፤ እሱን ነው በጡት መያዣዋ ውስጥ ስታደርግ የኖረችው። ሐይቁ ዳር ቀሚሷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ስትቀመጥ «ማማ ውሃ ትፈራለች!» እያልን ስንጮህባት አብራን ትስቅ ነበር። እሷን ማን አሻት? ሲያማት ለማን ነገረች? ያን ሁሉ ሊጥ በዚያ ክንድ ነው ያቦካችልን።

እንግዲህ እናታችን፣ ከእሷ ቀጥሎ እኔ። ነገ ዛሬ ሳትዪ ተመርመሪ። ይህን እንደ ታላቅሽ አዝዤሻለሁ፤ ክርክር አልፈልግም።

እኔ ሜይ አጋማሽ ላይ ሬጂና ሆስፒታል እሄዳለሁ። በቀኝ በኩል አንድ ነገር ደግመው ማየት ፈልገዋል፤ ብርሃኑንም እስከዚያ አቁሚ ብለውኛል። ለጥንቃቄ ነው አሉኝ፤ እኔም ለጥንቃቄ ነው እልሻለሁ። ኦረስት ካልወሰድኩሽ ብሏል። «የዘር ወቅት እኮ ነው» ስለው፣ «መሬቱ የትም አይሄድም» አለኝ። በሠርጋችን ማግስት እንኳ ትራክተር ላይ የዋለ ሰው!

ትኬትሽን የቆረጥሽው ለመከር ነው አይደል? ቀደም ያለ ከተገኘ፣ ማለቴ ከተመቸሽ ብቻ። ለማንኛውም አልጋሽን አንጥፌዋለሁ።

እናታችን የደበቀችውን ሕመም ፈጣሪ ከአንቺ ያርቅልኝ። ቤትሽ ይሙቅ፣ ልጆችሽ ይክበቡሽ።

ታላቅሽ
ኦልያ