ሚጣ ያገኘችው ምግብ ቤት

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ከረምሽልኝ? ወገብሽስ? ያ ቁርጥማት ዝናቡ ሲያባራ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ከመኝታሽ ስትነሺ ግድግዳ ያስይዝሻል? የእማማ ዓይን ተሻለው? አባባስ መድኃኒቱን ይውጣል ወይስ እንደ ልማዱ ኪሱ ውስጥ ከትቶ "ዋጥኩ" ይላል? የልጆቹ ጉንፋን፣ የባልሽ የጥርስ ሕመም፣ ሁሉም በሰላም አልፎ ይጠብቀኝ። እኔን ከጠየቅሽኝ ሰውነቴ ደህና ነው። ሆዴ ግን አርሯል፤ ይህን ደግሞ ሐኪም አያየውም።

በስልክ ለምን እንደማልነግርሽ ይገባሻል። የምንተኛው አንድ ክፍል ነው፤ ታናሻችን ሚጣ ሳስል እንኳ "ምን ሆንሽ?" ትለኛለች። ስለ እሷ እሷው አጠገብ እንዴት ላውራ? ዛሬ ከአጠገቤ ስትለይ ጠብቄ ነው ወረቀት ያነሳሁት። አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው፤ ለእማማ የሚነበበውን ብቻ መርጠሽ አንብቢላት።

አራት ዓመት ሙሉ በሰው አገር፣ በዚህ አስጎብኚ ድርጅት ስልክ ስመልስ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። ሰው ከሩቅ ይደውላል፤ የወይን እርሻዎቹን ልናይ ነው፣ የት እንብላ፣ የት እንቅመስ ይለኛል። እኔም አይቼው ስለማላውቀው ኮረብታ በማር ምላስ አወራለሁ። የምመኘው አንድ ነገር ነበር፤ እንግዶቹን ይዤ መውጣት። አለቃችን በጠየቅኩት ቁጥር "ቆይ፣ ቦታ ይገኝ" ይለኝ ነበር፤ እኔም ቆየሁ። ሚጣ በመጋቢት መጣች። ከአውቶቡስ ጣቢያ የተቀበልኳት እኔ፣ ሥራ ያስገባኋት እኔ፣ ብርድ እንዳይመታት ግራጫ ካፖርቴን ያለበስኳት እኔ። ያ ካፖርት እኔ ላይ ዝም ብሎ ካፖርት ነበር። እሷ ስትለብሰው መንገደኛው ዞሮ ያየዋል።

ባለፈው ወር አንጋፋው አስጎብኚያችን ጡረታ ወጣ። አለቃችን እኔንና ሚጣን ጠርቶ ወደ ወይኑ አገር ላከን፤ እኔን በኮረብታው በኩል፣ እሷን በወንዙ በኩል። ሌሎቹ ድርጅቶች የማያውቁት አንድ ጥሩ ምግብ ቤትና አንድ ጥሩ የወይን ጠጅ ቅምሻ ፈልጉ፤ የተሻለውን ያገኘችው አስጎብኚ ትሆናለች፣ ሌላዋ ስልኩ ጋ ትቀራለች አለን። እኔ በልቤ ይቺማ የእኔ ናት አልኩ። ሚጣ ከመጣች ገና መንፈቅ ቢሆናት ነው፤ "እባክዎ" የምትለውን የአገሩን ቃል እንኳ በትክክል አትጠራትም።

አሁን እንዳትስቂ። እኔ የመረጥኩት ምግብ ቤት ስሙ የገነነ፣ የጠረጴዛ ልብሱ እንደ ሙሽራ የነጣ ነበር። አስተናጋጁ ከእግሬ እስከ ራሴ አይቶኝ ቀጠሮ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ለምሳ ቀጠሮ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? በስንት ልመና መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ አስቀመጠኝ። ሳህኑ ሰፌድ ያህላል፤ ምግቡን ግን መሐሉ ላይ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ስገባ ከራበኝ በላይ ርቦኝ ወጣሁ።

ከዚያ ወደ ቅምሻው ሄድኩ። እዚህ ሥርዓቱ ጠጁን አሽትተሽ፣ አፍሽ ውስጥ አንከባልለሽ፣ በመጨረሻ ባልዲ ውስጥ መትፋት ነው። ሌላው እንግዳ ሁሉ ቱፍ ቱፍ ይላል። እትዬ፣ ባለ ጠጁ ሰውዬ ስንት ዓመት በርሜል ውስጥ ሲጠብቀው የኖረውን፣ በገዛ እጁ ቀድቶልኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየኝ በምን አንጀቴ ልትፋበት? እናታችን እንዲያ አድርጋ አላሳደገችንም። ዋጥኩት። ሁለተኛው ቤትም ዋጥኩ። ሦስተኛው ቤት ስደርስ ጠጁ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ፣ ቀጂው ሰውዬ ደግሞ ሁለት ሆነ። ትንሽ ልረፍ ብዬ ከአንድ የወይን ተክል ሥር ቁጭ አልኩ፤ ስነቃ አውቶቡሱ የለም። ያን ሁሉ ቁልቁለት በእግሬ ወረድኩት።

ወዳደርንበት የእንግዳ ማረፊያ ገብቼ እግሬን ሳፋ ውስጥ ነክሬ ተቀምጬ ሳለ ሚጣ መጣች። ጉንጯ ቀልቷል፣ ፊቷ በርቷል፣ ካፖርቴ ትከሻዋ ላይ ነው። ገና ከበሩ፣ "እሺ፣ ቀናሽ?" አለችኝ።

ይህን ቃል አንቺም እማማም ገበያ ውሎ ለገባ ሁሉ ትሉታላችሁ። እኔ ግን የሰማሁት ሌላውን ነው። ሆዴን ከፍታ ያየች መሰለኝ።

"አዎ፣ ቀናሁ" አልኳት። "ቀናሁ፤ ምን ይጠበስ? እኔ አራት ዓመት የለፋሁበትን ቋንቋ አንቺ ሰባብረሽ ስታወሪው ሰው ይስቅልሻል፤ እኔ አስተካክዬ ስናገር ሰዓቱን ያያል። ካፖርቴ እንኳ ከእኔ ይልቅ አንቺን ይወዳል።"

ሚጣ ቀስ ብላ፣ "እኔ እኮ ጥሩ ቤት አገኘሽ ወይ ማለቴ ነበር" አለች።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ። እሷ ካፖርቱን አውልቃ እኔ ወንበር ላይ ሰቀለችው።

በማግስቱ ተነሽ ላሳይሽ አለችኝና ወዳገኘችው ቤት ወሰደችኝ። ያገኘችበት መንገድ ራሱ ያናድዳል። ዳቦ የሚያመላልሰውን ሰው መንገድ ላይ አስቁማ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦ አለቀብን ብሎ ድጋሚ የሚያስመጣው የቱ ቤት ነው ብላ ጠየቀችው። ይኸው ነው። እኔ አራት ዓመት እንዲህ ያለ ጥያቄ አልመጣልኝም። ቤቱ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ነው፤ በሩ ላይ ስም እንኳ የለውም። ሚስት ታበስላለች፣ ባል ያቀርባል፤ ከምሳ በኋላ ሰውየው ምድር ቤት ይዞሽ ወርዶ ከራሱ በርሜል ይቀዳልሻል። እትዬ፣ አልዋሽሽም፣ ምግቡ መጥፎ እንዲሆን ፈጣሪን ለመንኩት። አልሰማኝም። ዓሣው አጥንቱ ላይ አልቀረም፣ ሳህኔን በዳቦ ጠረግኩት። ስንወጣ ሴትየዋ ሚጣን ጉንጯን ሳመቻት፤ እኔን ጨበጠችኝ።

ቢሮ ስንመለስ አለቃችን ምን ይዛችሁ መጣችሁ አለ። ሚጣ ቀደመችኝ። ስለ ቤቱ ነገረችውና መሬት መሬት እያየች፣ "አብረን ነው ያገኘነው" አለች። እሱም እንግዲያውስ ሁለታችሁም በየተራ ትወጣላችሁ አለ። በቃ፣ የተመኘሁት ነገር እጄ ገባ። የሚጠበቅብኝ ዝም ማለት ብቻ ነበር።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ድሉን ወሰደች፣ የሰውን ፍቅር ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ደግነቱንም ልትወስድብኝ ነው? እሷ ሰጪ፣ እኔ ተመጽዋች ሆኜ ልኖር ነው?

"ብቻዋን ነው ያገኘችው" አልኩት። "እኔ ሰክሬ ወይን ሥር ተኝቼ ነበር።"

አለቃችን እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሥራውን ለሚጣ ሰጣት።

ደረጃው ላይ ሚጣ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ለእሷ ብዬ ያደረግኩት መስሏታል። እማማም ከሰማች እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ትመርቀኛለች። አደራሽን አስቁሚያት። ያን እውነት የተናገርኩት ከደግነት አይደለም፤ በደግነትም እንዳትበልጠኝ ብዬ ነው። ለሚጣ ይህን አልነገርኳትም፤ ለአንቺ ግን ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ዛሬ የመጀመሪያዎቹን እንግዶች ይዛ ወጣች። ካፖርቱን ትታልኝ ነው የሄደችው። በመስኮት ሳያት ትከሻዋን ሰብስባ ቆማለች፤ ይቺ ልጅ ልትታመም ነው ብዬ ተናደድኩ። በእሷ ይሁን በራሴ እንጃ። ስልኩ ሲጮኽ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ደዋዮቹ ስለዚያ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ስላለው ቤት ይጠይቁኛል፣ እኔም አሳምሬ እነግራቸዋለሁ። ይህንን እንኳ አሁን አይቼው ነው የማወራው።

ስትደውዪ እንኳን ደስ ያለሽ በያት፤ ይገባታል። ግን እባክሽ መጀመሪያ እኔን አስጠሪኝ።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። አባባን ኪሱን ፈትሺና ሰላም በይልኝ። ለባልሽ፣ ጥርሱን ያስነቅልና ይገላገል በይው። ልጆቹን አንድ በአንድ፣ ትንሿን ሁለት ጊዜ ሳሚልኝ፤ ታናሽ ሁልጊዜ እጥፍ ያገኝ የለ። ሚጣም "ለሁሉም ሰላም ብላለች ብለሽ ጻፊልኝ" ብላኛለች። ይኸው ጽፌአለሁ።

መካከለኛዋ እህትሽ
ከስልኩ ጠረጴዛ፣ ጥቅምት 12 ቀን