የንጋት ሙሾ በካርቱን ሣጥን

ላሊበላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለምሥጋናው፣ ቶኪዮ፤

በጤናህ መጀመር ነበረብኝ። ዛሬ ግን እንዴት ከረምክ አልልህም፤ መጀመሪያ የሆዴን ላውጣ።

ማክሰኞ ዕለት በአሸተን ማርያም መውጫ ውሃ ከምሸጥበት ቦታ፣ አስጎብኚው ዘመኑ አንዲት ፈረንሳዊት ይዞ መጣ። ካናቴራዋ ላይ የድመት ጆሮ ያላት ልጅ ተሥላለች። የጃፓን ካርቱን ስትወድ ለጉድ ነው አለኝ። እኔም ባሌ እዚያው አገር ካርቱን ለውጭ ሰው የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠራው ብዬ ኮራሁ። ሴትየዋ ደስ ብሏት ካርቱኑን ስልኳ ላይ ከፈተችልኝ። ባለድመት ጆሮዋ ልጅ ትሞታለች፤ ከዚያ የእኔ ድምፅ መጣ።

ጫማሽን ገዝቼ አልጋ ሥር አኑሬ፣
ንጋት ለኪው ብዬ ማንን ልጥራ ዛሬ።

ምሥጋናው፣ ይህ ዘፈን አይደለም። ልጃችንን ንጋትን በቀበርን ዕለት ያወረድኩት ሙሾ ነው። ወንድምህ አድማሴ በስልኩ ቀድቶ የላከልህ ከቀብሯ ስለቀረህ፣ ባለህበት እንድታለቅስበት ነው። በእኛ አገር ያለ ልቅሶ ሙሾ ያንጎራጎረ እንኳ ሟርተኛ ይባላል። አንተ ዲስክ ላይ አስቀርጸህ ገበያ አወጣኸው።

ምናልባት ሳይነግሩት ወስደውበት ይሆናል ብዬ ጠበቃ ልቆምልህ ነበር። ሴትየዋ ግን ከቦርሳዋ ጣት የምታህል የፕላስቲክ ጫማ አወጣች፤ ጫማዋ ከፊልሙ ዲስክ ጋር በአንድ ሣጥን ነው የምትሸጠው። ጃፓኖቹ የጫማውን ነገር ከየት አወቁት? ቁጭ ብለህ ቃል በቃል ተርጉመህላቸዋል። ሐዘናችንን ጌጥ ሲያደርጉት አጠገባቸው ነበርክ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ስንደዋወል የልጃችንን ስም ካነሳሁ ኔትወርኩ ተቆራረጠ ትለኛለህ። ሰውየው አልቻለም ብዬ ዝም አልኩህ። ለካ ለባዕድ ስታወራ አፍ ነበረህ።

ዘመኑ የንጋት እናት መሆኔን ሲነግራት ፈረንሳዊቷ አመዷ ቡን አለ። ተረት መስሏት ነበር፤ እሷ ምን ታድርግ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል እጇን ያዝኳትና «ድገሚው» አልኳት። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። እዚህ ጎረቤቱ ሁሉ እንዳላዝን ብሎ ስሟን መጥራት ትቷል። ያቺ የማታውቃት ግን ንጋት፣ ንጋት እያለች አብራ ታዜማለች። እንዲህ ያለ ነገር እንድለምን ስላደረግከኝ በጣም ተቀይሜሃለሁ።

አሁን የምልህን ስማ። ሙሾውን ከፊልሙ አውጡ፣ ጫማዋንም መሸጥ አቁሙ በላቸው። እምቢ ካሉህ ሥራቸውን ተውላቸው፤ እኔ በውሃዬ አድራለሁ። ከዚያ ደውልልኝ። ስለ ብርዱ አታውራኝ፣ ይቅርታም አትጠይቀኝ።

እመቤታችን ከክፉ ሁሉ ትጠብቅህ፤ ተቆጥቼም ቢሆን ይህን አልነፍግህም። ስትደውል ስሟን ብቻ ጥራልኝ። አባቷ ሲጠራት ልስማ።

የንጋት እናት
ፀደይ