ስራመድ ለሚያመኝ ደረት ተኝቼ ስለተደረገልኝ ምርመራ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የሕክምና አገልግሎት ኃላፊ፤ (ግልባጩ ለጋዜጣው የአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ)

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም ቤተሰብዎም ደኅና እንድትሆኑ ምኞቴ ነው፤ በተለይ ደረትዎ አካባቢ ደኅና ይሁኑ፣ እዚያ ላይ የታመመ ሰው በሆስፒታልዎ ምን እንደሚገጥመው ከሰባት ወር ወዲህ በሚገባ ተምሬአለሁና።

እኔ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መደርደሪያ የምጠርግ፣ ማንበብንም እዚያው አቧራ መካከል ለብቻዬ የተማርኩ፣ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። ደረጃ ስወጣ ወይም የመጻሕፍት ካርቶን ስሸከም ደረቴን መሃል ለመሃል አንድ ነገር ይጫነኛል፤ ወደ ግራ ክንዴና ወደ መንጋጋዬ ይዘልቃል፤ ቁጭ ስል በአምስት ደቂቃ ይለቀኛል። እንዲህ ያለው ሕመም በሐኪሞች መጻሕፍት «አንጃይና» እንደሚባልና የልብ የደም ሥር ሲጠብ እንደሚመጣ አንብቤአለሁ። አራት ጊዜ የተመላለስኩት «ነው» ወይም «አይደለም» ተብሎ ቁርጡ እንዲነገረኝ ብቻ ነበር። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. የልብ ክፍሉን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስላደረጋችሁልን፣ አሳንሰሩንም ለሠራተኛ ብቻ ስላላችሁት አመሰግናለሁ። ሕመሜ ሁልጊዜ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቀጥሮ ይጠብቀኛል፤ ግድግዳ ይዤ እንደቆምኩ አንድ ሐኪም ቢያየኝ ኖሮ ነገሩ ያን ቀን ባለቀ። ይሁን እንጂ የክፍሉ ደንብ ኢሲጂ ከሚባለው የልብ ምት ምርመራ በፊት አንድ ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ማረፍን ያዛል። አርፌ፣ ተኝቼ፣ ሽቦው ሲለጠፍብኝ ልቤ እንግዳ ፊት እንደቀረበ ጨዋ ልጅ ጸጥ ይላል። ነርሷም በቅንነት፣ «እትዬ፣ ማሽን አይዋሽም፤ ልብዎ እኮ የኮረዳ ነው!» አለችኝ። ማሽኑማ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መለሰ።

2ኛ. እየተራመዱ የሚደረገው የልብ ምርመራ ይታዘዝልኝ ብዬ ስለምን፣ የክፍሉ ወጣት ሐኪም ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «እናቴ፣ ያመመዎት ያነበቡት ነው፤ መጽሐፉን ይተዉት» ብሎ ስለመከረኝ። የመራመጃ ማሽኑን በኮሪደሩ መጨረሻ ባለው ክፍል፣ በንጹሕ አንሶላ ተሸፍኖ፣ በመስኮት አይቼዋለሁ። እሱ እንዳይደክም ይህን ያህል መታሰቡ ያስመሰግናል።

3ኛ. በካርዴ ላይ «የሐዘን ጭንቀት» ተብሎ ስለተጻፈልኝ። ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሐዘኔ ደረጃ ስወጣ ብቻ የሚነሣብኝ፣ ቁጭ ስል ደግሞ በአምስት ደቂቃ የሚተወኝ ከሆነ፣ እንዲህ ሥርዓት ያለው ሐዘን ስለሰጠኝ ፈጣሪዬንም አብሬ አመሰግናለሁ።

ባሌን ካነሣችሁት አይቀር እኔም ላንሣው። ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ደንበኛ «እጄ ላይ ሲሆን ይቆማል» ብሎ ያመጣለትን ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ «ይሠራል» ብሎ አይመልስም፤ ሁለት ቀን በገዛ እጁ አስሮት ይዞር ነበር። አንድ ቀን ግን እሱው ራሱ ከገበያ ሲመለስ ደረቱን ይዞ በራፍ ላይ ቆመ። እኔ ያኔ ፊደል አልለየሁም፤ ሁሉን አዋቂ ግን ነበርኩ። «ጨጓራህ ነው፤ ጋደም በል» አልኩት። ጋደም ሲል ተሻለው፤ እኔም ልክ ነበርኩ ብዬ ኮራሁ። በሦስተኛው ሳምንት ቀበርኩት። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ወዲያ ነው። እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ የሆስፒታልዎን ሥራ ያለ ዲግሪ ቀድሜ የሠራሁት እኔ ነኝ። በሐኪሞችዎ ላይ ድምፄን ከፍ የማላደርገውም ለዚህ ነው፤ ሲናገሩ የምሰማው ያን ቀን የተናገርኩትን ነውና።

ስለዚህ ከሁለት አንዱ እንዲደረግልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ወይ ምርመራው ይታዘዝልኝ፣ ወይ «የዚህች ሴት ልብ ጤነኛ ነው፤ ምርመራ አያስፈልጋትም» የሚል ስም፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጠኝ። ሁለተኛውን ባለፈው ሳምንት ስጠይቅ ወጣቱ ሐኪም እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰ። የልቤን ጤንነት በአፉ እንጂ በእጁ ሊመሰክርልኝ እንደማይደፍር ያኔ ተረዳሁ።

ጊዜዎን በከንቱ እንዳላባከንኩ ተስፋ በማድረግ፣ በቢሮዎ በር ፊት ለፊት ቆሜ በማቀርበው ከፍ ያለ አክብሮት እሰናበታለሁ፤ ቆሜ የምሰናበተው ኮሪደሩ ደረጃ የሌለው ሜዳ ስለሆነ ነው።

በመዝገባችሁ «ጭንቀታም» የተባልኩት
የቤተ መጻሕፍቱ ጠራጊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ተመርምሬ ልቤ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ በዚሁ ጋዜጣ፣ በዚሁ ዓምድ ላይ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ጽሑፉን ከወዲሁ አዘጋጅቼ ለልጄ ሰጥቻታለሁ። ምርመራው ከዘገየብኝ ግን ይቅርታውን የምትጽፉት እናንተ ናችሁና፣ ተቀባይ ፍለጋ እንዳትቸገሩ የልጄን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ከፖስታው ጀርባ አስፍሬአለሁ።